ሴንሰሩ ተቀየረ፤ ሽቦውስ?

ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ፈተናው ዳገቱ ነው። ሞተሩ እየፈላ የሙቀት ጌጁ «ቀዝቃዛ» ካለ ሾፌሩ በምን ይወቅ?

በብዙ አሮጌ መኪኖች ከሴንሰሩ የሚወጣው አንድ ሽቦ ነው። ከተበጠሰ ጠቋሚው ከታች አይነሳም፤ ተልጦ ብረት ከነካ ደግሞ ቀዝቃዛውን ሞተር ፈልቷል ይላል። ሴንሰሩን ብቻ ቀይሮ፣ በሙቀት የደረቀውን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልሎ መሸኘት ጥገና ሳይሆን ማዘናጋት ነው። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚያበዛም አለ (ኔጌቲቭ የሚያገኘው በዚያው ጥርስ መሆኑን ረስቶ)። ባለንብረቱም ለጥቂት ሜትር ሽቦ ይከራከራል፤ ቴስታታው ሲጣመም ግን ሳይወድ ይከፍላል። በረሃ የሚያድሩት ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው።

ሽቦው እስከ ጌጁ ድረስ ይለወጥ። ሠራተኛውም ሞተሩ ሞቆ ጠቋሚው ሲነሳ ሳያሳይ ሂሳብ አይቀበል።