ጠመኔና ወረቀት

አቃቂ ገበያ አጠገብ የማውቃቸው አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ካፖርት ሲታዘዙ ወረቀት አያነሡም። ደንበኛውን በዓይናቸው መዝነው፣ በሜትር ለክተው፣ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጠመኔ ያሰምሩበታል። ስፌቱ ሲያበቃ የቀረውን ጠመኔ በእጃቸው ያራግፉታል። ካፖርቱ ለባለቤቱ ይሄዳል፤ ሐሳቡ ከጠመኔው ጋር ይራገፋል።

ይህን ባየሁ ቁጥር የፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ ጠቢብ የኢቭ ሳን ሎራን ካፖርት ትዝ ይለኛል። በጥር 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) በራሱ ስም ያቀረበው የመጀመሪያ ትርኢት የተከፈተው በእርሱ ነበር። ልብሱ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ መርከበኞች የባሕሩን ብርድ የሚከላከሉበት የሥራ ልብስ ነው። ጠቢቡ ግን ከወደብ አንሥቶ ወረቀት ላይ አሰፈረው። በቤቱ ልማድ ለየልብሱ በሚዘጋጀው ወረቀት ላይ ንድፉ፣ የጨርቁ ቁራጭ፣ የሰፋው ክፍል ኃላፊ ስም ጭምር ይሰፍር ነበር። ዛሬ እነዚያን ወረቀቶች በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ይጠብቃቸዋል።

እኛስ? በርኖሳችንን ተመልከቱ። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሸመነ፣ ትከሻው ላይ ሾል ያለ ጫፍ ያለው ጥቁር ካባ ነው። ከሩቅ ይለያል። ያን ጫፍ መጀመሪያ ያሰበው ሰው ማን ይባላል?

«ባህል የሕዝብ ነው፤ ስም ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዝምታችን ከትሕትና የመጣ አይመስለኝም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የናቁትን ሰው ስም ማን ይጽፋል? ስድቡ ቢቀንስም አለመጻፉ ቀርቷል።

አቃቂ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመባት፣ ስንት እጅ በክርና በመርፌ ያረጀባት ሰፈር ናት። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ከተሸመነው ጨርቅ የአንዱን እንኳ ንድፍ ያወጣውን ሰው ስም ታውቃለህ? እኔም አላውቅም። ስም ያልተጻፈበትን ሥራ ነገ ሌላው ወስዶ የራሱን ስም ቢጽፍበት በምን እንሟገታለን?

ባለፈው ሰሞን ለልብስ ሰፊው አንድ ደብተር ወሰድኩላቸው። «የሚሰፉትን ይሣሉበት፤ ቁራጭ ጨርቅ ይለጥፉበት፤ ስምዎንም ይጻፉ» አልኳቸው። ሳቁና «ስሜን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» አሉኝ።

መልሱ የእኛ ዕዳ ነው።