ሳያሹ የመለሱን ወጌሻ

«ወገቤን፣ ትከሻዬን ሲይዘኝ ጠንከር ያለ ማሳጅ ብሠራ ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። ከመልሱ በፊት በእኔ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ።

እናቴ ከደሴ በአውቶቡስ መጥታ እኛ ጋ ባረፈች ሰሞን የግራ እግሯ ባት አበጠ። «ቁጭ ብዬ ስለዋልኩ ነው፤ በቅቤ እሽት ብደረግ ይለቀኛል» አለች። እኔም የሰፈራችንን ወጌሻ ጠራሁ። አባባ ሁለቱን እግሮቿን አስተያዩ፤ በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም። አንዱ እግር ብቻ አብጦ እንዲህ ከሞቀ እኔ አልነካውም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» ብለው ቅቤውን መለሱልኝ።

ሆስፒታል በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ እግር ሲታሽ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እኔ ደግሞ ቅቤውን አሙቄ ነበር የጠበቅኋቸው!

አሁን ወደ ጥያቄው። በየክሊኒኩና በየስፓው የምትሰሟቸው ሁለት ስሞች አሉ። «ዲፕ ቲሹ ማሳጅ» ማለት ጡንቻን በዝግታና ጠለቅ ባለ ጫና ማሸት ነው። «ማዮፋሻል ሪሊዝ» ደግሞ ፋሺያ ላይ ያተኩራል፤ ፋሺያ ሥጋ ስንከትፍ ጡንቻው ላይ ተለብጦ እንደምናየው ያለ ስስ ነጭ ሽፋን ነው። ባለሙያው ብዙ ዘይት ሳይቀባ፣ የጠነከረውን ቦታ ለዘብ ባለ ጫና ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይዞ ይቆያል።

ሁለቱም የወገብና የአንገት ሕመምን ለጊዜው ሊያስታግሡ ይችላሉ። ለውጡ እንዲዘልቅ ግን በእግር መሄድና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። «ካላስጮኸ አይሠራም» የሚባለውም እውነት አይደለም። ለአንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ መበለዝና መደንዘዝ ግን የጥሩ እሽት ምልክት አይደለም።

እነዚህን ግን ሐኪም ሳያይ አታሹ፣ አታሳሹም፦

• አንዱ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ወይም ቀልቶ ሲያም። በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ለደቂቃም ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

• እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱና አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን።

• ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት የሚብስ ሕመም ያለበት ወገብ። የአከርካሪ ቲቢም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

• ወድቆ እጁ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ። በቅድሚያ ራጅ ይነሣ። ተሰብሮ ከሆነ መታሸት ያብስበታል፤ ተጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ደም እየተቋረጠ እጃቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ልጆች አሉ። የታሰረ ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በቅርቡ እናቴ ትከሻዋን ሲይዛት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ወሰድኳት። ልጁ እጁን ሳያሳርፍባት በፊት፣ «እማማ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከዚህ በፊት ምን አሞዎት ነበር?» ሲል ጠየቃት። ያኔ አባባ ትዝ አሉኝ። ስፓም ሂዱ፣ ክሊኒክ፣ ወይም ወጌሻ ጋ፣ ሳይጠይቅና ሳያይ ማሸት ለሚጀምር ሰው አባትና እናታችሁን አትስጡ።

ቅቤውስ? ዶሮ ወጥ ተሠራበት። የመጀመሪያው ሳህን የደረሰው ለአባባ ነው።

ሳምንት በደኅና ያገናኘን!