ሰላዩን ትቶ ጠቋሚውን
ለመሆኑ የሳይንስ ማኅበር የሚቆመው ለእውነት ነው ወይስ ለአባላቱ ስም? በዲሴምበር 1919 (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ፍራንዝ ቦአስ «ዘ ኔሽን» በተሰኘው መጽሔት ላይ፣ አራት አንትሮፖሎጂስቶች በጦርነቱ ጊዜ ምርምርን ሽፋን አድርገው በባዕድ አገር ሰልለዋል ሲሉ ጻፉ። የሰዎቹን ስም እንኳ አልጠሩም። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር ታዲያ ሰላዮቹን መረመረ? የለም! በዐሥረኛው ቀን፣ በ20 ድምፅ ለ10፣ ያወገዘው ቦአስን ነው።

«ለአገራቸው ብለው ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይሁን። ነገር ግን ነገ ደብተሩን ይዞ ደጁ የሚቆመውን ተመራማሪ ገበሬው በምን ይመነው? እኔ ብሆን በሬን አልከፍትለትም።

ማኅበሩ ውግዘቱን የሻረው በ2005 ነው። ቦአስ የሞቱት በ1942። «ቢዘገይም አልቀረም» ይሉናል፤ ለማን ነው ያልቀረው?