ካናል በካርታ ላይ የተሰመረ ሰማያዊ መስመር ብቻ አይደለም

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት የተማሪ ጽሑፎች ስለ ግድብ፣ ስለ መስኖና ስለ ጎርፍ መከላከል የሚያወሱ ናቸው። የዛሬው የኔ ጽሑፍ ግን ስለ ጨዋታ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ጨዋታ ደግሞ ምን ቡለቲን ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ፍርዱን ያን ጊዜ ስጡ።

ከመምሪያችን ተማሪዎች ጥቂቶቻችን ቅዳሜና እሁድ ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለ። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሜሪካ ውስጥ በ1974 ዓ.ም. ወጣ (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና የሌለ ዓለም ይፈጥራል፤ ተራራውን፣ ከተማውን፣ ንጉሡን፣ ሽፍታውን። ሌሎቻችን የየራሳችንን ገጸ ባሕርይ ይዘን በዚያ ዓለም እንጓዛለን። የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይፈርዳል። ካናልና ባርጅ ያለበት ዓለም ደግሞ ይወደዳል፤ ባርጅ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይገጥማል።

ጠቤ ከካርታዎቹ ጋር ነው። በብዙዎቹ ላይ ካናል ማለት ከአንድ ባሕር እስከ ሌላው ባሕር፣ ተራራውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ሰማያዊ መስመር ነው። ውኃው ከየት መጣ? ማን ቆፈረው? ማንስ ይጠብቀዋል? ምንም መልስ የለም። በበኩሌ እነዚህን ጥያቄዎች ያልመለሰ ካናል ለጨዋታም አይሆንም እላለሁ። የውኃ ተማሪዎች ሆነን እንዲህ ዓይነት መስመር የምናሰምር ከሆነማ ነገሩ ከጨዋታም ያለፈ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የውኃ ምንጭ ነው። ሁለት ተፋሰሶችን የሚያገናኝ ካናል የግድ ከፍታ ላይ ይወጣል፤ ውኃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። ጀልባዎቹን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣቸውና የሚያወርዳቸው ሎክ የምንለው ባለ ሁለት በር ገንዳ ነው። አንድ ጀልባ በሎክ ባለፈ ቁጥር አንድ ገንዳ ሙሉ ውኃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ያለው ነጥብ ያለማቋረጥ ውኃ ማግኘት አለበት። የፈረንሳዩ ካናል ዱ ሚዲ የተሳካው በዚህ ነው። ፒየር ፖል ሪኬ መሐንዲስ አልነበረም፤ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። ነገር ግን ከጥቁር ተራራ የሚወርዱትን ጅረቶች ሰብስቦ፣ በሴንት ፌሬዮል ግድብ አጠራቅሞ፣ 189 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ኖሩዝ እንዴት እንደሚያደርሳቸው ገባው። 240 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ካናል በ1681 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሪኬ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞቶ ስለነበር አላየውም።

ቻይናም ውስጥ ታላቁ ካናል ናንዋንግ በተባለው ከፍተኛ ቦታ ላይ ውኃ እያጠረው ተቸግሮ ነበር። በ1411 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራው ባለሥልጣን ሶንግ ሊ ችግሩን የፈታው ባይ ዪንግ የተባለ የአካባቢው ሰው በሰጠው ምክር ነው። የዌን ወንዝ ተገድቦ ወደ ናንዋንግ ተመራ፤ እዚያም ውኃው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲፈስ ተደረገ። መልሱ የነበረው አገሬው ዘንድ ነው ማለት ነው። እስቲ ይሄ ለጨዋታ የሚሆን ታሪክ አይደለም?

እዚህ ላይ ሁሌም የሚነሳ መከራከሪያ አለ። «አስማት ያለበት ዓለም እኮ ነው፤ ጠንቋዩ ውኃውን ያንሳዋ!» ይባላል። ጥሩ፣ ያንሳው፤ ግን እናስላው። በእንግሊዝ አገር ጠባብ ካናሎች ላይ ያለ አንድ ሎክ ወደ 22 ሜትር ርዝመትና 2.1 ሜትር ስፋት አለው። የከፍታው ልዩነት 2.4 ሜትር ቢሆን አንድ ገንዳ 110 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5,500 ጀሪካን መሆኑ ነው። ጫፉን የሚያቋርጥ ጀልባ ሲወጣ አንድ፣ ሲወርድ አንድ ገንዳ ያስወጣል። በቀን 40 ጀልባ ካለፈ 8,800 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ያ ጠንቋይ እንቅልፍም የለውም! አስማቱ ይኑር፤ ግን ልክና ዋጋ ይኑረው። ጠንቋዩ የታመመ ዕለት ካናሉ ይደርቃል፤ ነጋዴው ይጮኻል፤ ጠላትም ጠንቋዩን ለመግደል ያደባል። ስሌቱ ጨዋታውን አላበላሸውም፤ እንዲያውም ታሪክ ወለደለት።

ሌላም አለ። አንዱ ወራጅ፣ አንዱ ወጪ እየሆኑ ተራ በተራ ካለፉ የሎኩ የውኃ ፍጆታ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ድርቅ ሲሆን የሎክ ጠባቂው «ከወዲያ የሚመጣ ጀልባ እስኪደርስ ጠብቁ» ቢል ትክክል ነው። ተጫዋቾቹን ከኋላ የሚያሳድዳቸው ሰው ካለ ግን ያቺ ሰዓት ምን ያህል እንደምትረዝም አስቡት።

ሁለተኛው ጥያቄ የባርጁ ልክ ነው። ልኩን የሚወስነው ጀልባ ሠሪው ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለው ትንሹ ሎክ ነው። 21 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው ጀልባ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ 38 ቶን ገደማ ውኃ ይገፋል። የራሱ ክብደት ሲቀነስና ጫፎቹ ሲሾሉ የሚተርፈው ጭነት 25 ቶን ያህል ነው። ይህን 250 ኩንታል አንድ ፈረስ በዳርቻው እየተራመደ ይጎትተዋል! በጭነት አህያ ቢሆን ስንት መቶ አህያ እንደሚያስፈልግ ቁጠሩ። ለዚህም ነው በ1761 ዓ.ም. የብሪጅዎተር ካናል ሲከፈት ማንቸስተር ውስጥ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል የወደቀው። በ1825 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአሜሪካው ኢሪ ካናልም ከቡፋሎ እስከ ኒውዮርክ 100 ዶላር ገደማ የነበረውን የአንድ ቶን ማጓጓዣ ወደ 10 ዶላር ገደማ አውርዶታል።

ልክ አለመግጠምም ጠቃሚ ነው። የእንግሊዙ ሊድስና ሊቨርፑል ካናል አብዛኞቹ ሎኮች 19 ሜትር ገደማ በመሆናቸው 22 ሜትር የሚረዝመው ጠባብ ጀልባ አይገባባቸውም። እንዲህ ያሉ ሁለት ካናሎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጭነት መገልበጥ ግዴታ ነው። መገልበጥ ካለ ወዛደር አለ፤ መጋዘን አለ፤ ቀራጭ አለ፤ ጠጅ ቤት አለ፤ ሌባም አለ። ከተማ መቼና የት እንደሚቆረቆር ካርታው ራሱ ነገረን ማለት ነው።

ወቅትንም አንርሳ። ኢሪ ካናል ክረምት ሲመጣ በበረዶ ምክንያት ይዘጋ ነበር። በእኛም አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ባሮን የሚወጡት ውኃው በሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚሠራ የውኃ መንገድ በካርታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሦስተኛውና ለኔ ትልቁ ጥያቄ ማን ቆፈረው የሚለው ነው። በጨዋታ መጻሕፍት ላይ «የጥንት ነገሥታት ያሠሩት ካናል» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ነገሥታት ግን አካፋ አይዙም። የቻይናው የስዊ ንጉሠ ነገሥት ያንግ በ605 ዓ.ም. ካናል ሲያስቆፍር በግዳጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ከሚሊዮን በላይ እንደነበር ተጽፏል። የሕዝቡ ምሬት ሥርወ መንግሥቱን በ618 ዓ.ም. ለውድቀት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። በሶቪየት ኅብረትም ነጩን ባሕር ከባልቲክ የሚያገናኘው 227 ኪሎ ሜትር ካናል ከ1931 እስከ 1933 ዓ.ም. በእስረኞች ጉልበት ተቆፈረ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ካናሉ ግን በጥድፊያ ስለተሠራ ጥልቀቱ አንሶ ለአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ሳይሆን ቀረ። ያ ሁሉ ነፍስ የጠፋው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ካናል ስናሰምር የቆፋሪዎቹ የልጅ ልጆች የት እንደሚኖሩ፣ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ካሣ አግኝቶ እንደሆነ፣ ደለሉን በየዓመቱ ማን እንደሚጠርግ መወሰን ይኖርብናል። «ይሄ ሁሉ ነገር ጨዋታውን ያከብደዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ቅዳሜ ማታ የፍሰት ቀመር ለመስማት የሚመጣ ተጫዋች የለም። ቀመሩን አጫዋቹ ቤቱ ይሥራው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው የሎክ ጠባቂው ንግግር፣ የቀራጩ ቁጣና የቆፋሪው ልጅ ቂም ብቻ ይሁን።

ለመምህራኖቻችን ያለኝ ሐሳብም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በክፍል የሚሰጠን የዲዛይን ጥያቄ ፍሰቱንና ተዳፋቱን ሰጥቶ ስፋቱንና ጥልቀቱን አውጡ ይለናል። እናወጣለን፤ ማርካችንንም እናገኛለን። የሰመርነው መስመር በማን ማሳ ላይ እንደሚያልፍ ግን የሚጠይቀን የለም። በሴሚስተር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ተፈቅዶልን ቡድን ቡድን ሆነን ለአንድ የሌለ አገር ካናል ብንነድፍ፣ አንዱ ቡድን መሐንዲስ፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላው ቦዩ መሬቱን የሚያቋርጥበት ገበሬ ሆኖ ቢከራከር፣ ወጪው አንድ ካርታና ጥቂት ወረቀት ነው። በሌለ አገር ላይ የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል። ተመርቀን ስንወጣ የምናሰምረው መስመር ግን የእውነት ሰው የሚኖርበት መሬት ላይ ነው፤ ያንን ላጲስ አያጠፋውም።

የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ። ስትጽፉ ግን ስሌታችሁን ይዛችሁ ኑ።