ዊንዶውስ 10፦ የሚሠራ ግን ጠባቂ የሌለው ኮምፒውተር

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማስተካከያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ወትሮው ስለሚከፈትና ስለሚሠራ ብዙ ቤተሰብ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ በብዙ ሚሊዮን መስመር የተጻፈ በመሆኑ ስሕተት አያጣውም። ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ለሌባ በር የሚከፍቱ ናቸው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ሲታወቅ ከ1999 ጀምሮ በሚሠራው ሲ.ቪ.ኢ. በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የትኛውን እትም እንደሚነካም ይገለጻል። ማይክሮሶፍትም በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ማስተካከያውን ያወጣል።

ይሁን እንጂ ይህን ማስታወቂያ የሚያነበው የኮምፒውተሩ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሌባውም ጭምር ነው። ሌባው አዲሱን ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይደርስበታል። በመሆኑም ማስተካከያ ከወጣ በኋላ ያልታደሰው ኮምፒውተር ከበፊቱ የባሰ ይጋለጣል። ለዊንዶውስ 11 የሚወጣው ማስተካከያም በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ቀዳዳ ሊጠቁም ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በ2017 የደረሰው ነው። ማይክሮሶፍት ማርች 14 ቀን አንድ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ አወጣ። ከ59 ቀን በኋላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ እየገባ በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር ቤዛ ጠየቀ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሺህ የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ድጋፉ በ2014 ለተቋረጠው ዊንዶውስ ኤክስፒ ኩባንያው ማስተካከያውን ለሁሉም የለቀቀው ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ሁሉም ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አይሸጋገርም? ዊንዶውስ 11 ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ደኅና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ሸክሙ የሚወድቀውም አዲስ ለመግዛት አቅም በሌለው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር የባንኩንና የኩፓት ሆሊሙን ጉዳይ በሚጨርስ ቤተሰብ ላይ ነው። ኩባንያው በ2025 ለግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ ማራዘሚያ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያገናኝ ያለ ክፍያ፣ ማዘጋጀቱን አስታውቋል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቤትዎን ኮምፒውተር እትም ይወቁ። ሃግዳሮት፣ ቀጥሎ ማዓሬኼት፣ ከዚያ ኦዶት የሚለውን ሲከፍቱ ያገኙታል። ዊንዶውስ 10 ከሆነና ማራዘሚያውን ከፈለጉ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻው እትም መሆን አለበት። ዊንዶውስ 11ም ቢሆን አንዱ እትም ለቤት ተጠቃሚ የሚደገፈው ለ24 ወር ብቻ ስለሆነ በየጊዜው መታደስ ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን ካልተቀበለ፣ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ሊጭንልዎ ይችላል። ፎቶግራፍና ሰነድ በሌላ ዲስክ ገልብጠው ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡ። ከማይክሮሶፍት ነኝ ብሎ ሳይጠሩት ስልክ የሚደውል ሰው ግን አጭበርባሪ ነውና አይመኑት። ጥቃት ከጠረጠሩ የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት በ119 ስልክ ጥሪ ይቀበላል።

ያገለገለ ኮምፒውተር ስንገዛም ሻጩን «ይሠራል ወይ?» ብለን ብቻ አንለፈው። «እስከ መቼ ይጠበቃል?» ብለን እንጠይቀው። የዋጋው ርካሽነት የሚለካው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።