ምስጥን የሚያርቁ ዕፅዋት፤ ተስፋቸውና ወሰናቸው

አዲስ አበባ፤ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ የባሕር ዛፍ አጠና፣ ቅጠላ ቅጠልና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል እምብዛም ሳይራራቁ ይሸጣሉ። ምስጥ ሰብልን፣ ግጦሽንና የቤት ምሰሶን ከሚያጠፋበት ከምዕራብ ወለጋ መንዲ አካባቢ የሚመጣ ገዥም ሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ጥያቄው አንድ ነው፤ እንጨቱን የሚያተርፈው የትኛው ነው? ወረቀትም ለምስጥ ምግብ በመሆኑ ጉዳዩ የመዝገብ ቤት ፋይሎችንም ይመለከታል።

ቀደም ሲል ለዚሁ ተግባር ይውሉ የነበሩት አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ የተካተቱት፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይፈርሱ የሚቆዩና በሕያዋን አካል የሚከማቹ በመሆናቸው ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ይሁንና ምስጥን ለረጅም ጊዜ የመከላከል ብቃታቸው የመነጨው ከዚሁ ካለመፍረሳቸው ነበር።

የዕፅዋት ውጤቶች ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። በኒም ፍሬ ውስጥ የሚገኘው አዛዲራክቲን ነፍሳት እንዳይመገቡና እንዳያድጉ ያደርጋል፤ ነገር ግን በፀሐይ ብርሃን ፈጥኖ ይፈርሳል። የአሜሪካው ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው የቬቲቨር ሥር ዘይት የመሬት ውስጥ ምስጥን እንደሚያርቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ አድርገዋል። ይህ ሣር በአገራችን በኢሉባቦርና በጅማ ለአፈር ጥበቃ የሚተከል በመሆኑ ግኝቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ማራቅ ግን መግደል አይደለም። ንግሥቲቱ ከመሬት በታች እንቁላል መጣሏን ስለምትቀጥል፣ የተባረረው ምስጥ የጭቃ መተላለፊያውን ሠርቶ ያልተቀባውን ጎን ይፈልጋል። ስለሆነም ቅባቱ በየጊዜው ካልታደሰ ገንዘቡ ባክኗል። በእርግጥ በየሠፈሩ አጠና የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ የዕፅዋት ውጤት በዋጋ መወዳደር ያለበትም ከዚህ አፈር በካይ ዘይት ጋር ይመስላል።

ግዥ ለሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለገበያ እንዳይቀርብ ደንግጓል። «ከተክል የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ምዝገባን ሊተካ አይገባም። ከግዥው በፊትም የድንጋይ መሠረት፣ ምስጥን የሚቋቋም የሐበሻ ጥድ ምሰሶና ከግድግዳ የራቀ የፋይል መደርደሪያ በግንባታ ዝርዝሩ መግባታቸው ቢታይ ወጪው ያነሰ ይሆናል።