በሻጩና በፎርማት አድራጊው መሀል

ዊንዶውስ 10 «ሞተ» ከተባለ ወዲህ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁለት አማካሪ አላጣም። አንደኛው ሻጩ ነው። «ይሄማ ጊዜው አልፎበታል፤ 11ን አይችልም፤ ለኔ ሽጪልኝና ትንሽ ጨምረሽ ሌላ ውሰጂ» ይላል። ሁለተኛው የሰፈሩ ፎርማት አድራጊ ነው። «ምን አስጨነቀሽ? 10 አሪፍ ነው፤ አፕዴቱን አጥፍቼልሽ እድሜ ልክሽን ትጠቀሚበታለሽ» ይላል። ደግ ቀን ላይ ከሆነ ደግሞ 11ን በክራክ ሊጭን ፍላሹን ከኪሱ ያወጣል። የሁለቱም ምክር ይቅርብን ባይ ነኝ። የመጀመሪያው የሚፈልገው ገንዘባችንን ስለሆነ ቢያንስ ዓላማው ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ጉድ የሚሠራን በቅን ልቦና ነው። ስለዚህ ዋናውን ዱላ ለእሱ አቆይቼ ከሻጩ ልጀምር።

መጀመሪያ የሆነውን እንነጋገር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን የደህንነት ማስተካከያ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ነው። በማግስቱ አንድም ኮምፒውተር «አልነሳም» አላለም። ወርዱም ኤክሴሉም እንደ ወትሮው ተከፈተ፣ ፊልሙም ታየ። የቀረው ነገር በዓይን የማይታየው ነው፤ በየወሩ እየመጣ ቀዳዳ ይደፍን የነበረው አፕዴት። («ይኸው ምንም አልሆነም እኮ!» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሌባ ያልመጣበት ቤትም በሩ ሳይቆለፍ ማደሩ አይታወቅም።)

ታዲያ ሻጩ «ጊዜው አልፎበታል» ሲል ምን ይዞ ነው? በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 እንደ ቀደሙት አይደለም፤ በሩ ላይ ፈታሽ አቁሟል። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ክፍል ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆን አለበት። 8ኛው ገበያ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እናም 7ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ የተገጠመለት፣ እንደ ፈረስ የሚጋልብ ላፕቶፕ በሩ ላይ ይመለሳል። የተመለሰው ሥራው ከብዶት ሳይሆን ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ነው።

ይህ ዝርዝር ለሻጩ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ? እዚህ ከተማ ከሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ሌላ አገር ሰው ተጠቅሞበት የመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ትንሽ ዩዝድ፣ ግን ንጹህ» ብሎ የሸጠላችሁን ዕቃ ዛሬ «አሮጌ» ብሎ በርካሽ ይወስደዋል። በሳምንቱ ለሌላ ሰው ሲሸጠው ምን እንደሚለው መገመት አይከብድም፤ «ትንሽ ዩዝድ፣ ግን ንጹህ»።

ስለዚህ እሱ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትሹ። ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት አለ፤ ኮምፒውተራችሁ 11ን ይችል እንደሆነና ካልቻለም በምን ምክንያት እንደሆነ ይነግራችኋል። «ቲፒኤም የለም» ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ማሽን ላይ ቲፒኤሙ አለ፤ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው የተቀመጠው። ማብራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን የምታህል ማብሪያ ባለማወቅ ላፕቶፕ መሸጥ ያንገበግባል።

ኩባንያውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ መድረክ ላይ ወጥቶ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ ነበር። የመጨረሻው ስድስት ዓመት ቆየና ሌላ መጨረሻ መጣ። 10 ላይ ለቀረው ሰው ደግሞ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥበቃ አዘጋጁ፤ ወይ 30 ዶላር ክፈሉ፣ ወይ የኮምፒውተራችሁን ሴቲንግ በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ አድርጉ፣ ወይ 1,000 የሽልማት ነጥብ ስጡ ተባለ። የአውሮፓ ሸማቾች ማኅበራት ጮኹ፣ ተከራከሩ፤ እዚያ ላለው ሰው ያለ ክፍያና ያለ ባክአፕ ግዴታ ተፈቀደለት። ለሌላው ዓለም ሁኔታው ባለበት ቀረ። በእኛ ስም የጮኸ አልነበረማ!

ድሮ እኮ ወደ አዲስ ዊንዶውስ መቀየር ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ትርጉም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ፣ ዓለም ሁሉ እየተራገመው፣ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፊደል ይዞልን መጣ። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የቁጥርና የምልክት ትርምስ ይሆን እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። 11 እንዲህ ያለ ስጦታ አላመጣም። መሀል ላይ የተቀመጠ ስታርት ሜኑ አመጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ 11 የሚያስኬድ ምክንያት አንድ ነው፤ ቀዳዳ መደፈኑ የሚቀጥለው እዚያ ነው። እሱ ግን ትልቅ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ነው ከፎርማት አድራጊው ጋር የምንጣላው።

«አፕዴት አጥፊ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የገዛነውን የኢንተርኔት ፓኬጅ አንድ አፕዴት ጠጥቶት ያድራል። ግማሽ ላይ ደርሶ መብራት ይሄዳል። ክራኩም አንዳንዴ በአፕዴት ይነቃበታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት አፕዴት ማጥፋት ፎርማት ካደረጉ በኋላ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ሆኗል፤ ሰውየው ሳይጠየቅ ያጠፋዋል፣ ባለቤቱም ሳያውቅ ይከፍላል።

ውጤቱን ለማየት ወደ ግንቦት 2009 ዓ.ም. እንመለስ። ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በቀናት ውስጥ ከመቶ ሃምሳ በሚበልጡ አገሮች ተሰራጨ። የሰውን ፋይል እየቆለፈ በቢትኮይን ክፈሉ ይል ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ መለሱ። ብዙዎች ጥፋቱን ያኔ ድጋፍ ካቆመ ሦስት ዓመት በሆነው ኤክስፒ ላይ ላከኩት። ሲጣራ ግን ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ያኔ የደህንነት ማስተካከያ ያልተቋረጠበት 7! መድፈኛውም ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት፣ ወጥቶ ነበር። ጉዳት የደረሰባቸው አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። የማሽናቸው እርጅና አይደለም ያስጠቃቸው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 10 እና 11 ብዙ ውስጣዊ ክፍል ይጋራሉ። ለ11 መድፈኛ በወጣ ቁጥር ክፉ ባለሙያዎች መድፈኛውን ፈታትተው ቀዳዳው የት እንደነበረ ያያሉ፤ ከዚያ ያው ቀዳዳ 10 ላይ እንደተከፈተ መኖሩን መሞከር ነው። አፕዴት የማያገኝ 10 በየወሩ አድራሻው ለሌባ እንደሚነገር ቤት ነው።

ክራኩስ? ስለ ሥነ ምግባር ልሰብክ አልመጣሁም። ክራክ ባይኖር የእኔ ትውልድ ግማሹ ፎቶሾፕን በስም ብቻ ያውቀው ነበር። ግን ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚባለውን አስተውላችኋል? «አንቲ ቫይረሱን አጥፊው።» ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም፣ በሙሉ ሥልጣን፣ ዘበኛው እንዲተኛ ተደርጎ ይገባል። ፍላሽ ላይ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ስንራገም የኖርን ሰዎች ይህንን እንዴት እንደምንፈቅድ አይገባኝም።

«እኔ ምን አለኝና ይሰርቁኛል?» የሚለውን ደግሞ ከጓደኞቼ አፍ ጠግቤዋለሁ። ያልተረከበ የማስተርስ ጽሑፍ አላችሁ። የእናታችሁ ፎቶ አለ። ክፍት የተተወ ኢሜይልና ቴሌግራም አለ። እኔ ዘንድ ደግሞ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ብለው ያወሩኝ ሰዎች ድምፅ አለ። በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ምንጭን መጠበቅ ብዙ ተምረናል፤ ያ ሁሉ ትምህርት አፕዴቱ የጠፋ ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ ዋጋ ያጣል። ያቺ ሴት ያመነችው እኔን ነው። የሰፈሬን ፎርማት አድራጊ አላወቀችውም።

እና ምን ይደረግ? ኮምፒውተራችሁ ፍተሻውን ካለፈ ወደ 11 ሂዱ። ሕጋዊ 10 ላለው ነጻ ነው። መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ከዚያ ዋይፋይ ያለበት ወዳጅ ቤት፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ። ካላለፈ ያ ተጨማሪ ጥበቃ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13 ቀን 2026) እንዲያደርስ የታሰበ ነው፤ ዶላር የሌለን ሰዎች በባክአፑ መንገድ ነው የምንገባው። ፍተሻውን በብልሃት አልፎ 11ን የሚጭነው መንገድ ይሠራል፤ ኩባንያው ግን እንዲህ ላለ ማሽን አፕዴት እንደሚሰጥ ዋስትና አይገባም፤ እናም ከሸሸነው ነገር ጋር መልሶ ሊያገናኘን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሊነክስ ነው። ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ዊንዶውስ 11 በሩ ላይ በመለሰው ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል። ነጻ ነው፤ ክራክ አይፈልግም፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ከፍላሽ ተነስቶ ስለሚሠራ ምንም ሳታጠፉ አንድ ቀን ሞክራችሁት መወሰን ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ ይበቃል። የሂሳብ ሠራተኞች ግን ቆም በሉ። ፒችትሪያችሁ እዚያ ላይ በወጉ አይሄድላችሁም። አውቶካድም እንዲሁ። እናንተ ወደ አዲሱ ማሽን የምትሄዱበት ቀን ይመጣል፤ ቢያንስ ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ። እስከዚያው ኮምፒውተር ለማሠራት ስትወስዱ ሰውየውን «አፕዴቱን እንዳትነካ» በሉት። በግርምት ቢያያችሁም ግድ የለም፤ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ።